የጣሪያውን ጎርፍ ግቢ ውስጥ ማስረግ

ከጣሪያ የወረደው ዝናብ መንገድ ላይ ሲደርስ የሞተር ዘይት፣ የጎማ ብናኝና የእንስሳት እዳሪ ጠርጎ በቦይ በኩል ሳይጣራ ወንዝ ይገባል። ስለዚህ ከቆሻሻው ሳይገናኝ እዚያው ግቢ ውስጥ ማስረጉ ይሻላል፤ የሚያስፈልገውም ጎድጎድ ያለ የአትክልት መደብ ነው።

መደቡ ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ ከሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብም አይሁን። ሁልጊዜ ውሃ የሚያቁር ቦታ አመቺ ይመስላል፤ ግን ውሃው የሚቆመው አፈሩ አላሰርግ ስላለ ነው።

አፈሩን ለመፈተን 30 ሴንቲ ሜትር ቆፍረው ውሃ ይሙሉ። ሲሰርግ እንደገና ይሙሉና አሁን ይለኩ፤ ደረቅ አፈር መጀመሪያ ላይ ቶሎ ስለሚጠጣ የፊተኛው ልኬት ያሳስታል። በሰዓት ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወረደ ይበቃል።

ስፋቱን ማስላት ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ይሆናል። 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,000 ሊትር ነው፤ ይህን ለመያዝ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው 7 ካሬ ሜትር ገደማ መደብ ይበቃል።

አፈሩ ጭቃ ሳለ አይቆፍሩ፤ ወለሉንም አይርገጡ፤ ከተጠቀጠቀ አያሰርግም። ወለሉ በውሃ ልክ ይስተካከል፤ ካዘመመ ውሃው አንድ ጥግ ይከማቻል። ከዚያ ወለሉን በዶማ አላልተው 5 ሴንቲ ሜትር ብስባሽ ይቀላቅሉ። ሸክላ አፈር ላይ ጥቂት አሸዋ መጨመር የተለመደ ምክር ቢሆንም ጭራሽ ያጠነክረዋል። ማዳበሪያም አይጨምሩ፤ ታጥቦ ወንዝ ይገባል።

የተቆፈረውን አፈር በቁልቁለቱ በኩል ጠቅጥቀው ይከትሩ። ክትሩ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ፣ ድንጋይ የተነጠፈበት መውጫ ይተዉ፤ ወደ ሣር እንጂ ወደ ጎረቤት ግድግዳ እንዳያመራ። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው፤ ያኔ ከባድ ዝናብ ክትሩን ጥሶ አፈሩን ራሱን ወንዝ ይከተዋል። የአሸንዳው ውሃ የሚያርፍበት ላይም ድንጋይ ያንጥፉ።

ወለሉ ላይ ውሃም ድርቅም የሚችሉ ተክሎችን ተክለው ሻካራ የእንጨት ፍቅፋቂ 5 ሴንቲ ሜትር ይጎዝጉዙ፤ ደቃቁ ይንሳፈፋል።

ውሃው ከ48 ሰዓት በላይ ከቆየ አብዛኛውን ጊዜ ደለል ፊቱን ደፍኖታል። የላይኛውን 2 ሴንቲ ሜትር ፍቀው ያውጡ፤ ደለሉ የመጣበትን ራቁት መሬትም ፈልገው ሣር ያልብሱት።

መኪና የሚቆምበትን ወለል ውሃ ወደ መደቡ አይምሩ። የፈሰሰ ዘይት ላይ ሰጋቱራ ነስንሰው ሲመጠጥ ይጥረጉት፤ በጎማ ውሃ ከታጠበ ቀጥታ ወደ ቦዩ ይሄዳል።