ሞዴሉ ሲንቀራፈፍ ኮዱን ከመጠርጠር በፊት

አዳማ ላይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል በጂፒዩ፣ ማለትም በግራፊክስ ካርድ፣ የሚያሠራ ሰው ሁለት ባላንጣ አለው፤ አቧራና መብራት። "ሞዴሉ ተበላሸብኝ" ብሎ የሚመጣ ሰው ኮዱ ብዙ ጊዜ ደህና ነው።

ጠዋት ይፈጥናል፣ ከሰዓት ይንቀራፈፋል

ባለፈው በጋ የራሴው ማሽን ይህን አመል አመጣ። ጠዋት አንዱ የሥልጠና ዙር አቦል ሳይቀዳ ያልቃል። ከሰዓት በረካም ተጠጥቶ ገና ነው። ሁለት ቀን ኮድ ሳገላብጥ ዋልኩ። በመጨረሻ የካርዱን ሁኔታ የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይን፣ ብከፍት ሙቀቱ 86 ዲግሪ! ብዙ ካርዶች 80ዎቹ ውስጥ ሲገቡ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነት ይቀንሳሉ። ስህተት አይጽፉም፤ ዝም ብለው ይዘገያሉ።

ሽፋኑን ስፈታ ሙቀት በሚያስወጣው ብረት፣ በሂትሲንኩ፣ ክንፎች መሃል ግራጫ አቧራ እንደ ጥጥ ተጠቅጥቋል። በጥፍሬ ስቤ አወጣሁት፣ ተያይዞ መጣ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማሽኑን መስኮት ሥር አስቀምጬዋለሁ። የከተማችን ነፋስ 51 እና 153 ሜጋዋት አቅም ያላቸው ሁለት ጣቢያዎች የተተከሉለት ነፋስ ነው፣ የኔን መስኮት አይምርም።

መፍትሄው፦ ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ። ፋኑን በጣት ያዙና በብሎወር ንፉ። ካልያዛችሁት በነፋሱ ከልክ በላይ ተሽከርክሮ ሊበላሽ ይችላል። ካጸዳችሁም በኋላ ከሞቀ በቺፑና በሂትሲንኩ መሃል የሚቀባው ቴርማል ፔስት ደርቆ ይሆናል፤ ቀይሩት። የኃይል ጣሪያውን ማውረድም ይረዳል። አርቲኤክስ 3060 የሚባለው ካርድ የተሠራው ለ170 ዋት ነው። እኔ 130 ላይ አስሬዋለሁ፤ የፍጥነቱ ልዩነት ብዙም አይሰማም።

ሞዴሉ ሲነሳ ቦርዱ ይጠፋል

ይህ የጄትሰን ናኖ (ጂፒዩ ያለው ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ) ባለቤቶች ለቅሶ ነው። ባዶውን ይሠራል፤ ካሜራና ሞዴል አብረው ሲነሱ ድርግም። ምክንያቱ የስልክ ቻርጀርና ቀጭን ገመድ ነው፤ ጭነት ሲመጣ ቮልቴጁ ይወርዳል። ባለ 5 ቮልት 4 አምፒር አዳፕተር ግዙና በክቡ ቀዳዳ ሰኩት። ጄ48 በተባለው ቦታ ላይ ሁለቱን ፒኖች የምታገናኘውን ትንሽ ጃምፐር ማድረግ እንዳትረሱ፤ እሷ ከሌለች ክቡ ቀዳዳ አይሠራም።

"ሜሞሪ አለቀ" ይላል

እዚህ ሒሳቡን ሥሩ። 7 ቢሊዮን ፓራሜትር (የሞዴሉ ውስጣዊ ቁጥሮች) በ16 ቢት ብቻውን 14 ጊጋባይት ይፈልጋል። 12 ጊጋ ካርድ ላይ አይገባም። በ4 ቢት ሲጨመቅ ወደ 3.5 ጊጋ ይወርዳል። የምታሠለጥኑ ከሆነ መጀመሪያ ባቹን፣ በአንዴ የሚገባውን የዳታ መጠን፣ በግማሽ ቀንሱ።

ኮራል ተሰክቷል፣ ግን ምንም አልፈጠነም

በዩኤስቢ የሚሰካው የሞዴል ማፍጠኛ፣ የጉግል ኮራል፣ 8 ቢት ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው። ሞዴሉ ወደ 8 ቢት ካልተቀየረና ለእሱ ካልተኮምፓየለ (እሱ ወደሚረዳው መልክ ካልተተረጎመ) ሥራው ተመልሶ ዋናው ፕሮሰሰር፣ ሲፒዩ፣ ላይ ይወድቃል። የተሰካበትንም ቀዳዳ እዩ፤ ሙሉ ፍጥነቱን ለማግኘት ዩኤስቢ 3 መሆን አለበት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ አልነሳም

መብራት እንደመጣ አትጣደፉ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቮልቴጅ ይዋዥቃል፣ ፓወር ሰፕላይ የሚቃጠለውም ያኔ ነው። ስታቢላይዘር አድርጉ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚይዝ ባትሪ) ስትገዙ ደግሞ ሻጩ ጮክ ብሎ የሚነግራችሁ ቪኤውን (ቮልት-አምፒሩን) ነው፤ እናንተ ዋቱን ጠይቁ፣ በአብዛኛው ያንሳል። ቼክፖይንትም፣ ሥልጠናው የደረሰበትን ቅጂ፣ በየግማሽ ሰዓቱ አስቀምጡ። እኔ ይህን የለመድኩት መብራት መጥፋት የአንድ ሌሊት ሥልጠና ሊነጋ ሲል ከበላብኝ በኋላ ነው።