ትንሿን ሚረርለስ ካሜራ ሲይዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሚረርለስ፣ ማለትም ውስጧ እንደ ዲኤስኤልአር (የቀድሞው ትልቅ ካሜራ) መስታወት የሌላት ካሜራ የገዛ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት በደስታ ያሳልፋል። ካሜራዋ ቀላል ናት፤ ፎቶው ገና ሳይነሳ ብርሃኑ እንደበዛ ወይም እንዳነሰ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ምሬቱ በኋላ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የካሜራዋ አይደለም።

ትልቁ ስህተት ካሜራዋን ብቻ መዝኖ መግዛት ነው። ሶኒ ኤ6000ን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣች ናት፤ ከነባትሪዋ 344 ግራም ትመዝናለች። አብሯት የሚሸጠው 16-50 ሌንስ 116 ግራም ነው። ሁለቱ ተደምረው ግማሽ ኪሎ አይሞሉም፣ ጃኬት ኪስ ይገባሉ። ከዚያ ባለቤቷ "ሠርግ ልሠራባት" ይልና 70-200 ኤፍ 2.8 የተባለውን ሩቁን የሚያቀርብ ረጅም ሌንስ ይገዛል። የሶኒ የመጀመሪያው ጂ ማስተር 70-200 ብቻውን 1480 ግራም ነው! መያዣዋ ትንሽ ስለሆነ ደግሞ እጅ ቶሎ ይዝላል። መስታወቱ ቀረ ማለት የረጅም ሌንስ ክብደት ቀረ ማለት አይደለም። ሌንሱም እንዲያንስ ከፈለጉ ሰንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው የካሜራዋ ክፍል) ማነስ አለበት። ኦሊምፐስና ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ያደረጉት ማይክሮ ፎር ሰርድስ የተባለው የካሜራና የሌንስ ዓይነት ለዚህ ይሆናል፤ የሰንሰሩ ስፋት የፉል ፍሬም (የድሮው 35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚያክለው ሰንሰር) ሩብ ያህል ነው፣ 100 ሚሊ ሜትር ሌንስ ፉል ፍሬም ላይ የ200ን እይታ ይሰጣል። የሚከፈለው ዋጋ ማታ ላይ ነው። በሻማ ብርሃን ማኅሌት የሚያነሳ ሰው ፎቶው ላይ ነጠብጣቡ ቶሎ ይበዛበታል።

በአንድ ባትሪ መውጣት ሌላው ነው። ዲኤስኤልአር በመስታወት ሲያሳይ ባትሪ አይበላም ማለት ይቻላል። ሚረርለስ ግን ማየቱ ራሱ ፍጆታ ነው። ኤ6000 በቪውፋይንደር (ዓይን ተጠግቶ በሚያይበት መስኮት) ሲጠቀሙ የተነገረላት 310 ፎቶ ያህል ነው፤ ለከተራና ለጥምቀት ይህ ምን አላት? አንገት ላይ ስትንጠለጠል ደግሞ ዓይን ሲጠጋ የሚያበራው ሴንሰር ደረትዎን ዓይን እየመሰለው ይነቃል። ስለዚህ ሳያነሱ ያጥፏት። ስሜን ተራሮች ከሄዱ ትርፍ ባትሪውን የውስጥ ኪስ ውስጥ ይያዙ፤ ብርዱ ያደክመዋል።

ድምፅ አልባው (ኤሌክትሮኒክ) ሻተር፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነው ክፍል፣ በቤተ ክርስቲያንና በቀብር ላይ ትልቅ ጸጋ ነው። አዳራሽ ውስጥ ግን ጉድ ያፈላል፤ ሙሽሮቹ ላይ አግድም ጥቁር መስመር ያሰምራል። ምክንያቱ ብዙዎቹ ካሜራዎች በኤሌክትሮኒክ ሻተር ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነቡ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙው አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ሜካኒካል ሻተር ላይ ይመልሱትና ፍጥነቱን 1/50 ወይም 1/100 ያድርጉት። አንዳንድ የዲኮር ኤልኢዲ ይህንንም አይሰማም።

አቧራስ? ጃንሜዳ መሀል ቆሞ ሌንስ መቀየር ሰንሰሩን ለአቧራ አሳልፎ መስጠት ነው። ብዙዎቹ ሚረርለሶች ሌንሱ ሲወጣ ሰንሰራቸው ገላጣ ይሆናል። የግድ ከሆነ ካሜራዋን ያጥፉ፣ ጀርባዎን ለነፋሱ ይስጡ፣ አፏን ወደ መሬት ይድፉ። በአፍ እፍ ማለት አይሞከርም፤ ምራቅ ይረጫል። የእጅ መንፊያ ይበቃል። አቧራ መግባቱን ለማወቅ ኤፍ 16 ላይ ሰማይ ያንሱ፤ ካለ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል።

የድሮ ሌንስን በርካሽ መሸጥም ያስቆጫል። ለካነን ዲኤስኤልአር የተሠራው ኢኤፍ ሌንስ በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) ሶኒ ላይም፣ አርኤፍ በተባሉት የካነን ሚረርለሶች ላይም ይሠራል። ካነን ላይ እንደራሱ ሆኖ ይሠራል፤ ሶኒ ላይ ግን ፎከሱ እንደ አዳፕተሩ ነውና ሳይገዙ ሱቁ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው ላይ ይሞክሩት።