ዝጎ እምቢ ያለ የብራቾ ቡሎን አፈታት

ብራቾ ጎማውን ከሻንሲው (ከመኪናው አካል) ጋር የሚያያይዘው የብረት ክንድ ነው። ያረጀ መኪና ላይ ጎሚኒ (የብራቾው ላስቲክ)፣ ቴስቲና (ባለ ኳስ መገጣጠሚያ) ወይም አሞርዛቶር (ንዝረት የሚውጠው) ሲቀየር አዲሱን ዕቃ መግጠሙ ቀላሉ ሥራ ነው። ቀኑን የሚበላው አሮጌውን የያዘው ቡሎን ነው። ብዙ ሰው ቡሎኑ እምቢ ሲለው ወዲያው እጀታው ላይ ቧንቧ ሰክቶ ይጎትታል፤ ቡሎኑም ይበጠሳል። ጉልበት ከመጨመሩ በፊት መታወቅ ያለበት ቡሎኑን የያዘው ምን እንደሆነ ነው። የዳዶው ጥርስ ነው ወይስ ጎሚኒው ውስጥ ያለው ብረት? ሁለቱ የሚፈቱበት መንገድ አይገናኝም።

በጎሚኒው መሀል የብረት ቱቦ አለ፤ ቡሎኑ የሚያልፈው በዚያ ውስጥ ነው። ሲጠብቅ ሁለቱ የሻንሲ ጆሮዎች (ቡሎኑ የሚያልፍባቸው ቀዳዳ ያላቸው ብረቶች) ቱቦውን ግራና ቀኝ ቆንጥጠው ይይዙታል፤ ብራቾው ከፍ ዝቅ ሲል የሚጠመዘዘው ላስቲኩ ብቻ ነው። በቡሎኑና በቱቦው መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ የገባ ውሃ ቶሎ አይደርቅም። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ክፍተቱን ሞልቶ ሲጨርስ ቡሎኑንና ቱቦውን እንደ አንድ ብረት ያደርጋቸዋል።

መለያው ቀላል ነው። ዳዶው እንዲላላ ካደረጉ በኋላ የቡሎኑን ራስ ያዙሩ። እጀታው ትንሽ ሄዶ ሲለቁት እንደ ሞላ ወደ ቦታው ከተመለሰ፣ ላስቲኩም አብሮ ሲጠመዘዝ ከታየ፣ የያዘው ቱቦው ነው። ዳዶው ራሱ ንቅንቅ ካላለ ችግሩ ጥርሱ ላይ ነው። አንዳንድ መኪና ላይ ዳዶው ሻንሲው ውስጥ ተበይዶ የተቀመጠ ስለሆነ የሚዞረው የቡሎኑ ራስ ብቻ ነው። እዚያ ላይ በጣም ይጠንቀቁ፤ ብየዳው ከለቀቀ ዳዶው ውስጥ ለውስጥ አብሮ ይሽከረከራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ሻንሲውን ቀዶ ዳዶውን መያዝ ነው።

መኪናው ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ይቁም፤ መሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች ግራና ቀኝ ይታገዱ፤ ክብደቱ በብረት ስታንድ ላይ ይረፍ። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ረጅም እጀታ መጎተት ሕይወት ያስከፍላል። ብራቾው ሞላ የተሸከመ ከሆነ ቡሎኑ ከመውጣቱ በፊት ከሥሩ በክሪክ ይደገፍ፤ የታመቀ ሞላ በድንገት ከተለቀቀ የሚመልሰው ነገር የለም።

ዘይት ከማፍሰስ በፊት ከዳዶው ውጪ የቀረውን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ይፈግፍጉ። ዳዶው ሲወጣ የሚጓዘው በዚያ ላይ ነው፤ የተረሳ ዝገት መንገድ ላይ ያንቀዋል። የሚረጨው ለዝገት ማስለቀቂያ የተሠራ ቀጭን ዘይት ይሁን፤ ወፍራም የሞተር ዘይት ወደ ውስጥ አይሰርግም። ማታ ይርጩ፣ ጠዋት ይድገሙ፣ ሥራው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው አንዴ ይጨምሩ። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል መቀላቀልም ይሠራል፤ ግን ሁለቱ ቶሎ ስለሚለያዩ በየጊዜው መናጥ አለበት፤ አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል እሳት ባለበት አይነካም።

ቡሶላው (የቡሎን ራስ ላይ የሚጠልቀው መፍቻ) ባለ 6 ጎን ይሁን። በብዛት የሚያስፈልገው 17፣ 19 ወይም 21 ሚሊሜትር ነው። ባለ 12 ጎኑ የሚይዘው በጠርዝ ብቻ ስለሆነ የዛገ ራስ ላይ ተንሸራትቶ ያሞልጨዋል። ቡሶላው እስከ መጨረሻው መግባቱን በጣት ዳስሰው ያረጋግጡ፤ ራሱ ላይ የጋገረ ጭቃ ካለ በካቻቪቴ ይንቀሉት። ከዚያ ወደ አንድ ኪሎ በሚመዝን መዶሻ የቡሎኑን ራስ ፊት ለፊት አምስት ስድስት ጊዜ ይምቱ። ንዝረቱ ዝገቱን ይሰነጥቃል፤ ዘይቱም መግቢያ ያገኛል።

የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ወደ መፍቻ ሳይሆን ወደ ማጥበቂያ ይሁን፤ ትንሽ፣ እንዲነቃነቅ ያህል ብቻ። ከዚያ ወደ መፍቻ ይመለሱ። “ጠቅ” ብሎ ከለቀቀና ቀጥሎ ቀለል ካለ እየተፈታ ነው። ድምፅ ሳያሰማ እንደ ሊጥ እየለሰለሰ የሚሄድ ከሆነ ግን ቡሎኑ እየተሳበ ነው፤ ያቁሙ፣ ቀጣዩ መበጠስ ነው። መዞር ከጀመረም በኋላ አይቸኩሉ፤ ሩብ ዙር ይፍቱ፣ ግማሹን ይመልሱ፣ ዘይት ይጨምሩ። ሲጮህ እየተከተሉ ከሄዱ ጥርስ ከጥርስ ይነካከስና ዳዶው መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። ኢምፓክት (እየመታ የሚያዞር የመፍቻ ማሽን) ካለ ደጋግሞ በአጭር በአጭር መምታቱ ከረጅም እጀታ ይሻላል፤ ቡሶላው ግን ለኢምፓክት የተሠራው ጥቁሩ ይሁን፤ የሚያብረቀርቀው ተሰንጥቆ ሊፈናጠር ይችላል።

ጥርሱ አሁንም ከያዘ እሳት ነው መድኃኒቱ። የሚሞቀው ዳዶው እንጂ ቡሎኑ አይደለም፤ ዳዶው ሲሰፋ ዝገቱ ይላቀቃል። ጥላ ውስጥ ደብዛዛ ቀይ እስኪመስል በጋዝ ችቦ ያሙቁትና ሳይቀዘቅዝ ይፍቱት። ወይም ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል ሻማ ያስነኩት፤ ሰሙ ቀልጦ በጥርሱ መካከል ይሳባል። የተረጨውን ዘይት አስቀድመው በደንብ ይጥረጉ። ጋዝ የታመቀበት አሞርዛቶር፣ የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ የነዳጅ መስመርና የሴንሰር ሽቦ አጠገብ እሳት አይቅረብ። ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ የታጠበን ብረት ማሞቅ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የእሳት ማጥፊያ በእጅ ርቀት ይኑር። የሞቀ ቡሎን ጥንካሬው ስለሚቀንስ ተመልሶ አይገጠምም።

ቱቦው ላይ ለተጣበቀው ግን ዘይቱም እሳቱም ብዙ አይረዳም። ዘይቱ እዚያ ድረስ አይደርስም፤ እሳቱ ላስቲኩን ያቃጥላል። ለግማሽ ሰዓት ያህል በኢምፓክት ወዲያና ወዲህ ያንቀጥቅጡት፤ በመሀሉ ዳዶውን ከቡሎኑ ጫፍ እኩል አድርገው መልሰው ጫፉን ይምቱ፤ ዳዶው ጥርሱ እንዳይጨፈለቅ ይጠብቀዋል። ይህ ካልሠራ መቁረጥ ነው። ጊዜ የሚያጠፋው መቁረጡ አይደለም፤ ለመቁረጥ ሳይወስኑ ሦስት ሰዓት መታገሉ ነው። ስለዚህ አዲሱ ቡሎን፣ ዳዶና ጎሚኒ ሥራው ሳይጀመር በእጅ ይኑር።

የሚቆረጠው ሁለት ቦታ ነው፤ በቱቦው ጫፍና በሻንሲው ጆሮ መካከል፣ በግራም በቀኝም። ወደፊትና ወደኋላ የሚሠራው የኤሌክትሪክ መጋዝ ቀጭን ምላጩ እዚያ ይገባል። ምላጩ ለብረት የተሠራ፣ በኢንች ከ14 እስከ 18 ጥርስ ያለው ይሁን፤ ቡሎኑ ጠንካራ ስለሆነ ሦስት አራት ምላጭ ይዘጋጅ። ፍጥነቱን ዝቅ፣ ግፊቱን ጠበቅ አድርገው ዘይት ጠብ ያድርጉበት። በሙሉ ፍጥነት ከሠሩ ምላጩ ይግልና ቡሎኑን ከመቁረጥ ይልቅ ራሱ ይላጫል። ምላጩ ካዘነበለ ወደ ጎሚኒው ያዘንብል፤ ጎሚኒው የሚጣል ነው፣ ጆሮው ግን የመኪናው አካል ነው። ግራይንደር ዲስኩ ወፍራም ስለሆነ ጆሮውን ሳይነካ አይወጣም፤ ብልጭታውም ለነዳጅ መስመር አደጋ ነው።

የታችኛው ቴስቲና ቡሎን ሌላ ጠባይ አለው። ብዙ ጊዜ በቴስቲናው ዘንግ ላይ ባለው ጎድጓዳ በኩል ስለሚያልፍ መላላቱ አይበቃም፣ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። ከወጣ በኋላ ቴስቲናውን ቆንጥጦ የያዘው ተሸካሚ ብረት ስንጥቅ ውስጥ መሮ በቀስታ አስገብተው ትንሽ ያስፉት። ተሸካሚው አሉሚኒየም ከሆነ መሮውን በኃይል አይምቱ፣ ይሰነጠቃል። የስታቢላይዘር (የመኪናውን ማዘንበል የሚቀንሰው ዘንግ) ማገናኛው አብሮ ከተሽከረከረ ጫፉን በአለን ቁልፍ ይያዙት፤ አለኑ ከተሞለጨ ይቁረጡት።

ቡሎኑ ከተበጠሰና ጉቶው ወደ ውጭ ተርፎ ከታየ፣ ዳዶ አስቀምጦ በመሀሉ መበየድ ከሁሉ ይሻላል፤ የብየዳው ሙቀት ዝገቱንም ያላቅቃል። ጉቶው ውስጥ ከቀረ ማዕከሉን በፑንሰን (በመዶሻ የሚመታ ሹል ብረት) ምልክት አድርገው በ3 ሚሊሜትር ፑንታ (የትራፓኖ መብሻ) ይጀምሩ፤ ከዚያ እያሰፉ ይሂዱ፤ ትራፓኖው ቀስ ብሎ ይዙር፣ ዘይትም ይኑረው። የተሰበረ ቡሎን ማውጫውን በጉልበት አያጣምሙ፤ ውስጥ ከተሰበረ ተራ ፑንታ አይበሳውም።

ሲገጠም የቡሎኑ ራስ ላይ ያለው የጥንካሬ ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን፤ 10.9 በ8.8 አይተካም። ቱቦው ውስጥ በሚቀመጠው ለስላሳ የቡሎኑ ክፍል ላይ የመዳብ ቅባት በስሱ ይቀቡ። ጥርሱን ግን የመኪናው መመሪያ ካላዘዘ አይቀቡት፤ ቅባት ሰበቃውን ስለሚቀንስ በቶርክ መፍቻው (የማጥበቂያ ኃይል በሚለካው) ተመሳሳይ ቁጥር ላይ ቡሎኑ ከሚገባው በላይ ይሳባል። የጎሚኒ ቡሎኖች ለጊዜው ይያዙ እንጂ መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱን ሲሸከም ነው። ብራቾው ተንጠልጥሎ ከጠበቀ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀርና በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። የጎማ አቅጣጫ የሚስተካከልበት ባለ እንቁላል ራስ ቡሎን ካለ ከመፈታቱ በፊት ቦታው በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ ምልክቱ መኪናውን አላይመንት ወደሚሠራበት ቦታ እስኪደርስ ያቆየዋል፣ አላይመንቱን ግን አይተካውም።