ደስ ብሎ ለመዋል ከማታው መጀመር

ጠዋት ፊቱን አጨማዶ የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማታ ነው። ስለዚህ ቀኑን ከመኝታ ሰዓት ወደኋላ መቁጠር ይሻላል። ምሽት 4 ሰዓት ተኝተው ጠዋት 12 ሰዓት ቢነሱ 8 ሰዓት ተኙ ማለት ነው፤ ለአዋቂ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ይበቃል። ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች በዚሁ ስሌት የተቀመጡ ናቸው።

መጀመሪያ ቡናው። ካፌይን በሰውነት ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። 11 ሰዓት ላይ አቦሉን የጠጣ ሰው 4 ሰዓት ላይ ሲጋደም ግማሹ ገና አብሮት አለ። «እኔን ቡና እንቅልፍ አይነሳኝም» የሚሉም አሉ፤ እንቅልፍ ቢወስዳቸውም እንቅልፉ ይሳሳል፣ ጠዋት ድካሙን ለማባረር ሌላ ቡና ያምራቸዋል። የመጨረሻውን ስኒ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይጠጡ። ጎረቤት አመሻሽ ላይ ቡና ሲጠራ መቅረት ያስቀይማልና፣ ሄዶ አቦሉንና ቶናውን አሳልፎ በረካውን መቀበል ነው፤ እሱ ቀጥኗል። ሻይም ካፌይን አለበት። ጫትማ አይነሳ።

እራት 1 ሰዓት ላይ ቢበላ ጥሩ ነው። ዘይት የበዛበት ቀይ ወጥ በልቶ ወዲያው የተኛ ሰው የጨጓራው አሲድ ወደ ላይ እየወጣ ቃር ይቀሰቅሰዋል። ለማታ ሽሮ ይስማማል፤ ግን በደንብ ሲበስል ነው። ለ1 ሰው 1 ትንሽ ሽንኩርት በ1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያቁላሉ፣ 1 ኩባያ ተኩል ውሃ ጨምረው ሲፈላ 4 የሾርባ ማንኪያ ሽሮ እየነሰነሱ ያማስሉ፤ ከዚያ እሳቱን ቀንሰው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይንተክተክ። ተቻኩለው ካወረዱት ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሆድም ይነፋል። አጠገቡ ቲማቲም በሎሚ ይኑር፤ ሎሚው ከጤፉና ከሽሮው ያለውን ብረት ሰውነት እንዲወስደው ይረዳል። ቡናና ሻይ ደግሞ ብረቱን ያስቀራሉ፤ ከምግብ በኋላ ቢያንስ 1 ሰዓት ይለፍ። የብረት እጥረት ሰውን ያዝላል፣ ያነጫንጫል፤ የወር አበባ የሚያዩ ሴቶች በተለይ ልብ ይበሉ።

ጠላና ጠጅ ቶሎ ያስተኛሉ፣ ሌሊቱ ሲጋመስ ግን ያነቃሉ። ስልክዎን ከአልጋው ራቅ አድርገው ያስቀምጡ። በ20 ደቂቃ ውስጥ እንቅልፍ ካልመጣ አልጋው ላይ ከመገላበጥ ተነስቶ ደብዘዝ ባለ ብርሃን መቀመጥ፣ ሲያንጎላጅ መመለስ ነው። ቀን ማሸለብ ከፈለጉ ከ9 ሰዓት በፊት፣ ከ30 ደቂቃ ያልበለጠ። የመነሻ ሰዓት ግን እሑድም ቢሆን አይቀየር፤ እንቅልፍን መስመር የሚያስይዘው እሱ ነው። እንደተነሱ ደጅ ወጥተው 15 ደቂቃ ብርሃን ይሙቁ።

ቁርስ ላይ ስኳር የበዛበት ሻይና ዳቦ ብቻ ከሆነ ቶሎ ይራባል፤ 4 ሰዓት ላይ የሥራ ባልደረባ ላይ የሚያስጮኸው ይኸው ነው። ፉል፣ እንቁላል ወይም ቂንጬ ይጨምሩበት። በ2017 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ የወጣ አንድ ጥናት 67 የድብርት ሕሙማንን ለ12 ሳምንት ተከታትሎ ነበር። ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና ዓሣ እንዲያዘወትሩ ምክር ከተሰጣቸው መካከል ወደ ሲሶው ከድብርቱ ወጥተዋል፤ ማኅበራዊ ድጋፍ ብቻ ካገኙት ወደ 8 በመቶው። አብዛኞቹ ሕክምናም ላይ ነበሩ፤ ስለዚህ መድኃኒትዎን በምስር አይተኩ። ሐዘኑና ተስፋ ማጣቱ ከ2 ሳምንት ካለፈ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ዛሬውኑ።

በጾም ይህ ሁሉ ይፋለሳል። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው የ8 ሰዓቱ የቡና ገደብ አይሠራምና ጾሙን መጀመሪያ በምግብ ይፍታ፣ ቡናው ከበላ 1 ሰዓት ቆይቶ 1 ስኒ ብቻ። በሁዳዴ የመጀመሪያ ቀናት የሚመጣው ራስ ምታትና ንጭንጭ ከረሃቡ ይልቅ ብዙ ጊዜ የጠዋቱ ቡና በድንገት ስለተቋረጠ ነው። በቀን 3 ስኒ የለመደ ሰው ከቅበላው 10 ቀን በፊት ጀምሮ በየ3 ቀኑ 1 ስኒ እየቀነሰ፣ መጀመሪያ የጠዋቱን ያስቀር።