የመጀመሪያ ልጇን የምትጠብቅ እናት ምን፣ መቼ ትማር?

የቅድመ ወሊድ ትምህርት ሲባል ብዙዎች ቶሎ ትዝ የሚላቸው የምጥ አተነፋፈስ ነው። በዚህ ምክንያት ትምህርቱን ወደ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ይገፉታል። ነገር ግን የፅንሱ አንጎልና አከርካሪ በደንብ እንዲፈጠር ስለሚረዳው ቫይታሚን፣ ስለ ፎሊክ አሲድ፣ በ30ኛው ሳምንት መስማት ጊዜው ያለፈበት ነው፤ ምጥን በ8ኛው ሳምንት መማርም ቀኑ እስኪደርስ ይረሳል። እስከ 12ኛው ሳምንት ክትትልን፣ እንክብሎችንና የአደጋ ምልክቶችን እወቂ። ከ28ኛው እስከ 34ኛው ምጥን ተማሪ። ከዚያ በኋላ ወደ ጡት ማጥባትና አራስነት እለፊ። ምጥ ላይ አብሮሽ የሚሆነው ሰው፣ ባለቤትሽም ይሁን እህትሽ፣ የምጡን ክፍል ካንቺ ጋር ይማር። በዚያ ሰዓት ቁጭ ብለሽ የምታስረጂበት አቅም አይኖርሽም።

መውለጃሽን ማስላት

የእርግዝና ሳምንት የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ነው። ከዚያ 280 ቀን ትቆጥሪያለሽ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዘጠኝ ወር ትደምሪና 10 ቀን ትጨምሪያለሽ፤ መሃል ላይ ጳጉሜ ካለፈች 5 ቀን ብቻ፣ ጳጉሜ 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ደግሞ 4 ቀን። መስከረም 1 ከጀመረ ሰኔ 11፣ ጥር 5 ከጀመረ ጥቅምት 10 ላይ ያርፋል። ስሌቱ የ28 ቀን ዑደትን መነሻ ያደረገ ነው። የወር አበባሽ የሚዛባ ወይም ቀኑን የማታስታውሺ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚነሳ አልትራሳውንድ ይበልጣል፤ እየዘገየ በሄደ ቁጥር ግምቱ ይሰፋል። ደግሞም ቀኑን እንደ ቀጠሮ አትያዢው፤ ከ37ኛው ሳምንት በኋላ ምጥ በማንኛውም ቀን ሊመጣ ይችላል። 41 ሳምንት ከሞላሽ ግን ምጡን ቤት ሆነሽ አትጠብቂ፤ ሄደሽ ታዪ።

ክትትልና እንክብል

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ቢያንስ 8 ጊዜ መታየትን ነው። የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ ሲሆን፣ ቀጣዮቹ በ20፣ 26፣ 30፣ 34፣ 36፣ 38 እና 40ኛው ሳምንት ናቸው። በየቀጠሮው የደም ግፊትሽን ቁጥር ጠይቀሽ ጻፊ። «ደህና ነው» ብቻ ተብለሽ አትውጪ። 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያው ዕለት ምን እንደሚደረግ ሳታውቂ አትመለሺ። የደም ዓይነትሽ አር ኤች ኔጌቲቭ (ኔጌቲቭ የሚባለው) ከሆነም ሰውነትሽ የልጁን ደም እንዳይዋጋ ስለሚከላከለው መርፌ አንሺ።

በየቀኑ የሚወሰደው ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም አይረን (የብረት ማዕድን) እና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ነው። ብዙ እናቶች አይረኑን የሚተዉት ስለሚያቅለሸልሻቸው፣ ሆዳቸውን ስለሚያደርቀው ወይም ሰገራቸው ጠቁሮ ስለሚያስደነግጣቸው ነው። መጥቆሩ የአይረኑ ነው፤ አትፍሪው። ካቅለሸለሸሽ ማታ ልትተኚ ስትዪ ዋጪው፤ ለድርቀቱ ውሃና አትክልት አብዢ። ከሻይና ከቡና ጋር ከወሰድሽው ግን ሰውነትሽ በደንብ አይቀበለውም። ቢያንስ የአንድ ሰዓት ልዩነት ይኑረው። ካልሲየም ከታዘዘልሽም ሁለቱን በተለያየ ሰዓት ውሰጂ።

የማይታደሩ ምልክቶች

ከብልት የሚወርድ ደም፣ የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ ብዥ የሚል እይታ፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት፣ ከጎድን አጥንት በታች በቀኝ በኩል የሚሰማ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ከ37ኛው ሳምንት በፊት የሚፈስ ውሃ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ነው። ራስ ምታቱ፣ ብዥታውና የቀኝ ጎኑ ሕመም ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የእርግዝና ደም ግፊት መክፋቱን ሊያመለክቱ ይችላሉ፤ ሳይታከም ቢቀር ወደ መንቀጥቀጥ ሊያደርስ ይችላል።

የፅንሱን እንቅስቃሴ በመጀመሪያ እርግዝና አብዛኛውን ጊዜ ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ትሰሚዋለሽ። ከ28ኛው በኋላ የልጅሽን ልማድ ታውቂዋለሽ። ከወትሮው ቀነሰብኝ ካልሽ በግራ ጎንሽ ተኝተሽ ልብ ብለሽ ቁጠሪ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ 10 ካልሞላ ሂጂ። «ልጁ ሊወለድ ሲል ዝም ይላል» የሚባለው እውነት አይደለም፤ በዚህ ወሬ ተረጋግተው ያደሩ ብዙ ናቸው። በእነዚህ ወራት እንቅልፍሽ በጎን ይሁን። ስትነቂ በጀርባሽ ሆነሽ ብታገኚው መሸበር አያስፈልግም፤ ዞረሽ ተኚ።

ምጥ

እዚህ ላይ መቆየት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያ ወላጅን በብዛት የሚያሳስታት መቼ መሄድ እንዳለባት ነው።

የሐሰት ምጥ መጥቶ መጥቶ ይጠፋል፤ ውሃ ስትጠጪ፣ ስትራመጂ ወይም አቀማመጥ ስትቀይሪ ይለቃል። እውነተኛው እየቀረበ፣ እየረዘመና እየበረታ ይሄዳል። ልዩነቱን ስትለኪ ከአንዱ ሕመም መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ ቁጠሪ። ሕመሙ 2፡10 ጀምሮ 2፡11 ለቀቀ፣ ቀጣዩ 2፡17 ጀመረ እንበል፤ ልዩነቱ 7 ደቂቃ ነው እንጂ 6 አይደለም። በየ5 ደቂቃው እየመጣ፣ አንዱ አንድ ደቂቃ እየቆየ፣ እንደዚያው ሆኖ አንድ ሰዓት ከዘለቀ የመሄጃው ሰዓት ነው። መንገድሽ ሩቅ ከሆነ ወይም ሐኪም የነገረሽ ችግር ካለ ይህን አትጠብቂ።

የማህፀን በር 5 ሴንቲሜትር እስኪከፈት ያለው የመጀመሪያው ክፍል ረጅም ነው፤ ከቀን ሊያልፍ ይችላል። ብዙዎች በዚህ ሰዓት ሲንጎራደዱ ያድሩና ዋናው ምጥ ሲመጣ ጉልበት ያጣሉ። ቀለል ያለ ነገር ብዪ፣ ጠጪ፣ ከቻልሽ ተኚ።

ሽርት ውሃ ከፈሰሰ ሰዓቱን ያዢና ቀለሙን ተመልከቺ፤ ምጥ ባይኖርም ሂጂ። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ልጁ ሆድ ውስጥ ሰገራ ለቋል ማለት ነው፤ መቸኮል ያስፈልጋል። ለውሃው ሞዴስ አድርጊ፤ ወደ ውስጥ ምንም አታስገቢ።

አተነፋፈሱን ከ30ኛው ሳምንት ጀምረሽ በየቀኑ ተለማመጂ፦ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠርሽ ሳቢ፣ በአፍ እስከ ስድስት እየቆጠርሽ አውጪ፤ ይህን ለአንድ ደቂቃ። ትከሻሽና መንጋጋሽ የላሉ ይሁኑ። ምጥ ላይ ጣቶችሽን ከነዘረሽ ወይም ካዞረሽ በጣም እየፈጠንሽ ነው፤ ማውጣቱን አርዝሚ። አብሮሽ ያለው ሰው ሕመሙ ሲመጣ ከመቀመጫሽ በላይ ያለውን አጥንት በመዳፉ ሥር ጠበቅ አድርጎ ይጫን፣ ሲለቅ ይልቀቅ። በየሁለት ሰዓቱም ሽንት ቤት ያስታውስሽ፤ የሞላ ፊኛ የልጁን ጭንቅላት መውረድ ያዘገያል።

ሰገራ እንደመጣ ዓይነት ስሜት ሲሰማሽ ወዲያው አትግፊ፤ አዋላጇን ጥሪ። የማህፀን በሩ 10 ሴንቲሜትር ሳይሞላ መግፋት በሩን ያሳብጣል፣ አንቺንም ያደክማል። እስከዚያ እፍ እፍ እያልሽ ሕመሙን አሳልፊ።

ስለ ወሊድ ቦርሳ ከሚገባው በላይ ይወራል። የክትትል ካርድሽ፣ የልጁ ልብስና መጠቅለያ፣ ሞዴስ፣ ቅያሪ ልብስ፣ የሚጠጣ ነገር፤ በ36ኛው ሳምንት ይዘጋጅ፣ በቃ። ይልቅስ ሌሊት ምጥ ቢመጣ በምን እንደምትሄጂ ቀድሞ ይወሰን።

ከወሊድ በኋላ

ልጁ እንደተወለደ ደረትሽ ላይ ይቀመጥ፤ በመጀመሪያው ሰዓት ይጥባ። እንገሩ ጥቂት መሆኑ አያስጨንቅሽ፤ የሚበቃው ያን ያህል ነው። ስታጎርሺ አፉን በሰፊው እስኪከፍት ጠብቂና ልጁን ወደ ጡትሽ አምጪው፤ አንቺ ወደሱ አትጎንበሺ። አገጩ ጡቱን ይንካ፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገልበጥ፣ ከጠቆረው ክፍል የሚታየው ከላይ ይብዛ። ጡትሽን ሲለቅ ጫፉ ተጠፍጥፎ ወይም ሾሎ ከወጣ የጎረሰው ጫፉን ብቻ ነው፤ ጫፉ የሚቆስለውም ወተት ቀነሰ የሚባለውም ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው። ትንሽ ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገብተሽ አላቂና እንደገና አጉርሺ። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት የተለመደ ነው። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና እየበቃው ነው።

ለራስሽ ደግሞ፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ ትኩሳት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የአንድ እግር እብጠትና ሕመም፣ ከባድ ራስ ምታት ከታየ ቶሎ ሂጂ፤ የደም ግፊቱ ችግር ከወሊድ በኋላም ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ ምክንያት ማልቀስ ብዙ እናቶችን ይገጥማል፤ በራሱ ይለቃል። ሁለት ሳምንት ካለፈ ወይም ራስሽን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ለሐኪም ንገሪ፤ ይህ ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው።