የ1969 ካማሮ ሞተር የራሱ ነው ወይስ የተቀየረ?

ሻጩ «ሞተሩ ከፋብሪካ የወጣበት ነው» ካለህ እሺ በለውና ኮፈኑን አስከፍት። ባለስምንት ሲሊንደር ካማሮ (የሼቭሮሌት መኪና) ላይ ወሬ አይሠራም፣ ቁጥር ነው የሚያወራው።

መጀመሪያ የሻንሲ ቁጥሩን ያዝ። በሾፌሩ በኩል ዳሽቦርዱ ላይ አለ፣ በፊት መስታወቱ ይታያል። ከዚያ ወደ ብሎኩ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ ዋና አካል። በተሳፋሪው በኩል፣ ከቴስታታው (ከሞተሩ ክዳን) ፊት፣ ዲናሞው የሚጋርዳት፣ ቁጥር የተመታባት ጠባብ ጠፍጣፋ ቦታ አለች። ባልዲ ግሪስ ተለጥፎባት ስለሚሆን በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ጥረግ፤ የሽቦ ብሩሽና ብርጭቆ ወረቀት ግን አደራ! ፋብሪካው ሲልጋት የተወው ስስ ጭረት ምስክርህ ነው፣ ጭረቱ ጠፍቶ ፊቷ እንደ መስታወት ከለሰለሰ አንድ ሰው ፍቆ አዲስ ቁጥር መትቶባታል ብለህ ጠርጥር።

ቦታዋ ላይ «ቪ0315» (V0315) ካለ፣ ሞተሩ በፍሊንት ፋብሪካ መጋቢት 15 የተገጣጠመ ማለት ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር)። አጭሩ የሻንሲ ቁጥር እዚያው ወይም ከዘይት ፊልትሮው በላይ ይገኛል፦ 1 ሼቭሮሌት፣ 9 ዓመቱ፣ «ኤን» (N) መኪናው የተገጣጠመበት የኖርዉድ ፋብሪካ፣ ከዚያ ስድስት አሃዝ። ስድስቱ ከዳሽቦርዱ ጋር ካልገጠሙ አትከራከር፣ ሞተሩ የዚያ መኪና አይደለም።

ብዙ ጊዜ ከኋላ፣ ካምቢዮው በሚታሰርበት ጠርዝ፣ ብሎኩ ከቀለጠ ብረት የተቀረጸበት ቀን አለ። «ሲ 10 9» (C 10 9) መጋቢት 10 ቀን 1969 ነው። ብሎኩ ሞተሩ ከተገጣጠመ በኋላ ተቀረጸ የሚል ቀን ካገኘህ፣ ሻጩን በደንብ ጠይቀው።