ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው፦ የሊንክ ክምችታችሁን በጋራ ታግ ማድረጊያ ዘዴ

ሊንክ መሰብሰብ የሚወድ ሰው ያውቀዋል፣ መጀመሪያ አስር ናት ከዛ ሃምሳ ትሆናለች፣ አንድ ቀን ስታዩት 300 ደርሷል እና የፈለጋችሁት የቱ ጋ እንዳለ አይታወቅም። እኔ ለተማሪ የሚሆኑ ድረገፆች ጎግል ሺት ላይ ሳጠራቅም ይሄው ደረሰብኝ። ብቻዬን ታግ ላድርግ (ለእያንዳንዱ ሊንክ ስለምን እንደሆነ የሚናገር አጭር መጠሪያ ልስጥ) ብዬ ቁጭ አልኩ፣ አርባኛው አካባቢ ደከመኝና የመጣውን ሁሉ "ትምህርት" እያልኩ ማለፍ ጀመርኩ 😅 200 ሊንክ "ትምህርት" ከተባለ ደሞ ታግ የለውም ማለት ነው።

ስለዚህ ለሰው አካፍሉት። እያንዳንዱን ሊንክ ቢያንስ 3 ሰው ይየው። 20 ሰው ካላችሁ 300 ሊንክ ሦስት ሦስት ጊዜ ሲካፈል ለአንድ ሰው 45 ይደርሰዋል፣ በአንዴ ከላካችሁለት ግን ይጠፋል፣ በቀን 15 15 እያደረጋችሁ በቴሌግራም ላኩለት።

አደራ፣ አንዱ የፃፈውን ሌላው እንዳያይ! ሁሉም አንድ ሺት ላይ ከፃፉ የመጀመሪያውን ሰው ኮፒ ነው የሚያደርጉት፣ ጎግል ፎርም (እያንዳንዱ ሰው ለብቻው የሚሞላው መጠይቅ) ይሻላል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሉዊስ ቮን አን የሰራው ኢኤስፒ ጌም የሚባል ጨዋታ ነበር፣ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ፎቶ እያዩ ቃል ይፅፋሉ፣ ሳይነጋገሩ አንድ አይነት ቃል ከፃፉ ያ ቃል የፎቶው ታግ ይሆናል። ጎግልም ሀሳቡን ወስዶ ከ2006 እስከ 2011 ለምስል ፍለጋው ተጠቅሞበታል። ከሱ የሰረቅኩት ሌላ ነገር የተከለከሉ ቃላት ነው፣ ለአንድ ፎቶ ቀድሞ የተገኘ ቃል ድጋሚ አይሰራም ነበር። እኔም ፎርሙ ላይ "ትምህርት፣ ዌብሳይት፣ ጠቃሚ" አይፃፍም ብዬ ዘጋሁት።

ጥያቄውም ወሳኝ ነው። "ታግ ስጡ" ካላችሁ ሰው ይኮሳተርና የመፅሀፍ ቋንቋ ይፅፍላችኋል። "ይሄን ሳይት ሌላ ቀን ብትፈልጉት ጎግል ላይ ምን ብላችሁ ትፅፋላችሁ?" በሏቸው፣ ያኔ "የ12ኛ ክፍል ጥያቄ" ምናምን የሚል የሚሰራ ነገር ይመጣል። "ዋው" እና "በኋላ የማነበው" የሚሉትን አውጡ፣ ለፃፈው ሰው እንጂ ለሌላ አይጠቅሙም።

አሁን ዋናው ራስ ምታት፣ ፊደል። "ሥነ ጽሑፍ" የሚለውን ብቻ እዩት፣ ሥ ወይ ስ፣ ጽ ወይ ፅ፣ ሑ ወይ ሁ ወይ ኁ፣ ይሄ ብቻ 12 አፃፃፍ ነው፣ አንዱ ነጥሎ ሌላው ገጥሞ ሲፅፈው ደሞ 24 ይሆናል። ለእኛ አንድ ቃል ነው ለሺቱ ግን 24 የተለያየ ታግ ነው፣ ሦስት ሰው ተስማምቶ ሳለ ማንም ያልተስማማ ይመስላል። መፍትሄው መልሶቹን ሌላ ኮለም ላይ ኮፒ አድርጋችሁ (ኦሪጅናሉን እንዳትነኩ) በፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ (አንዱን ፊደል ፈልጎ በሌላ በሚተካው የሺቱ መሳሪያ) ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መቀየር ነው። ሰባቱንም ሆሄ ማለቴ ነው፣ እኔ ሠን ቀይሬ ሥን ረስቼ ግማሽ ቀን አባክኛለሁ። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣም ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ወደ አንዱ አምጧቸው፣ ክፍት ቦታውንም አጥፉት። ይሄ ለመቁጠሪያ ብቻ ነው፣ ለሰው የሚታየው ታግ ላይ ትክክለኛውን አፃፃፍ መልሱት።

ከዛ ፒቮት ቴብል (ተመሳሳዩን ሰብስቦ የሚቆጥርላችሁ ሰንጠረዥ) ሰርታችሁ ቁጠሩ፣ ለአንድ ሊንክ ሁለትና ከዛ በላይ ሰው የፃፈው ታግ ያልፋል። "ፈተና" እና "ኤግዛም" አይነቶቹን ማሽን አያውቃቸውም፣ በእጅ አዋህዷቸው።

አንድ ሰው ብቻ የፃፈውን ግን ቶሎ አትሰርዙ፣ ለብቻ አስቀምጡትና በአይናችሁ እለፉበት። ከኔ ክምችት ውስጥ ብዙ የተፈለገው ታግ "ያለ ኢንተርኔት ይሰራል" የሚለው ነው፣ እሱን የፃፈው አንድ ልጅ ብቻ ነበር።